ዋስ

ፈተናው ላይ ዘጠና ሁለት አገኘሁ፤
የመተሳሰብን ንድፈ ሐሳብ በቃሌ ይዤው ነበር፤
"ታማሚው አልጋ አይደለም፣ ቁጥር አይደለም፣ ሰው ነው" ብዬ
ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበት ነበር።
መምህርት ያፋ በቀይ እስክሪብቶ ኅዳጉ ላይ
"መልካም። ለዐሥራ አንድ ሰው አንድ ሆነሽ የቀረሽ ሌሊትስ?"
ብላ ጠየቀችኝ።
አልመለስሁላትም። ፈተናው አልቆ ነበር።

አሁን አፉላ ነኝ፤ የውስጥ ደዌ ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ከመስኮቱ ሥር ሸለቆው በጥር ዝናብ ርሶ ተኝቷል፤
ዐሥራ አንድ አልጋ፣ ዐሥራ አንድ ዓይነት ሳል፣
አንዱ ማሽን ጮኾ ሳይበቃው ሌላው ይቀበለዋል።

ሰባተኛው አልጋ ላይ ኢሊኮ፤
የጆርጂያ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት የአውቶቡስ ሾፌር፤
ስኳሩ ወጥቷል፣ ግራ ተረከዙ ይሸታል፣
ከነጫማው ተኝቷል።
ሁለት ወንዶች ይዘውት ሞክረዋል፤ አንዱን ነክሶታል።
የቀኑ ተራ መዝገቡን በአንድ ቃል ዘግቶታል፦
"አይተባበርም።"

እንደተማርሁት በሩ ላይ ቆምሁ። አንድ ትንፋሽ።
እውነቱን ልናገር፣ ግማሽ ትንፋሽ፤
አራተኛው አልጋ "ፖፖ!" እያለ ይጮህ ነበር።
እጄን ታጠብሁ፤ ውሃው ቀዘቀዘኝ፤
ሌላ ምንም አልታጠበልኝም።

ወንበር ሳብሁ። ስለ ጫማ አላነሣሁም።
ከአፉላ ጥብርያ ስንት ፌርማታ እንደሆነ ጠየቅሁት።
ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፤ ዐሥራ ሰባት ላይ ቆመ፤
ድምፁ ወረደ፦

«ናቴላን ያመጣኋት በዚሁ ኮሪደር፣ በዚሁ በር፤
'ጫማሽን አውልቂ' አሏት፣ አወለቀች፤
እሷ ታዛዥ ነበረች፣ እንደኔ አልነበር።
በአራተኛው ቀን ማለዳ ጫማዋን በላስቲክ ሰጡኝ፤
አንዱ ተገልብጦ፣ ማሰሪያው እንደተቋጠረ።
አየሽ ልጄ፣
እዚህ ቤት የወለቀ ጫማ
ብቻውን ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።»

ምዕራፉን በልቤ ገለጥሁ፤
"አዳምጪ" ይላል፤ አዳመጥሁ።
"አብረሽ ሁኚ" ይላል፤ ነበርሁ።
ተረከዙ ግን ይሸታል፤
ጥቁሩ ነገር ወደ ላይ ሲወጣ ሰዓት አይጠይቅም።

አባቴ ነው ያኔ ትዝ ያለኝ።
"ሰው ካልተማመነ ዋስ ይጠራል" ይል ነበር፤
"ዋስ ማለት ደግሞ የሚያጣው ያለው ነው፤
ባዶ እጁን የመጣማ መንገደኛ ነው።"

ጎንበስ ብዬ የራሴን ግራ ጫማ ፈታሁ፤
ነጭ ነው፣ ካቻምና በቅናሽ የገዛሁት፣
ጎኑ ላይ የአዮዲን ጠብታ የደረቀበት፤
መዳፉ ላይ አስቀመጥሁት።
«አባባ» አልሁ፤ በአማርኛ አመለጠኝ፣ ግን ገባው፤
«ይኸው ዋሴ። ያንተን ሳልመልስ
የኔን እንዳትመልስ።
እኔም በባዶ እግሬ ከዚህ አልወጣም።»

ረጅም አየኝ፤
ሾፌር በመስታወት ውስጥ የኋላ ተሳፋሪን እንደሚያይ።
ከዚያ እግሩን ገፋልኝ።

ካልሲው ከቆዳው ጋር አንድ ሆኖ ነበር።
በለብታ ጨው ውሃ፣ እያረጠብሁ፣ እያረጠብሁ፣ አርባ ደቂቃ።
አራተኛው አልጋ በመጨረሻ አንሶላው ላይ ሸና።
ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።
ለሁለቱ የሚበቃ ሌሊት አልነበረኝም።
ያንን መጽሐፉ የት ገጽ ላይ እንደጻፈው አላውቅም።

ኢማን፣ የተራው ኃላፊ፣ የኢክሳል ልጅ፣
በአንድ እግሬ ጫማ፣ በሌላው ሰማያዊ ላስቲክ ስራመድ አየችኝ፤
አንዴ እግሬን፣ አንዴ ሰባተኛውን አልጋ፤
«ወለሉ ይቀዘቅዛል» ብቻ አለችና
ካልሲ ወርውራልኝ ሄደች።

መዝገቡን ከፈትሁ፦
ግፊት፣ ሙቀት፣ ስኳር፣ ሕመም ከዐሥር ስንት፤
ለጫማ ሣጥን የለም።
"ቁስሉ ታጥቧል። ታካሚው ዋስ ተቀብሏል" ብዬ ጻፍሁ፤
ዶክተሩ ሲያነበው መድኃኒት ይመስለው ይሆናል።

ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ወደ ቀዶ ጥገና ወሰዱት፤
ጫማዬን በብርድ ልብሱ ሥር ሸሽጎ።
የሱ እኔ ዘንድ ነው፤
ቡናማ፣ ተረከዙ ባንድ ጎን ያለቀ፤
ላስቲክ ውስጥ አልከተትሁትም፤
ቁም ሣጥኔ ውስጥ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሬዋለሁ።

መምህርት ያፋ፣ መልሴ ዘግይቷል፣ ሙሉም አይደለም።
የቀኑ ተራ ገብቷል፣ አውቶቡሴ አልፏል፤
ከቀዶ ጥገናው በር ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ።
ወለሉ፣ እውነትም፣ ይቀዘቅዛል።